ማን ማንን ቻለ

ፊቢ ግሪንዌይን ያንገበገባት ሻይ አፍዪ መባሏ አይደለም። ሻይ ማፍላት ታውቅበታለች። ያንገበገባት የተባለችበት አኳኋን ነው፤ ለሚያለቅስ ሕፃን ከረሜላ እንደሚወረወርለት ዓይነት።

በጦርነቱ ከቦስኒያ ሸሽተው እኛ ከተማ የተጠለሉ ሰዎች በቦዩ ዳር ባለችው ጸሎት ቤት አዳራሽ እንግሊዝኛ ሊማሩ ነበር። የሚያጫውታቸው የአገሬው ሰው ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ተለጠፈ። ፊቢ ፊደል አልቆጠረችም፤ አብራት የምትኖረው ሙሪየል አነበበችላት። ፊቢም የእሑድ ሹራቧን ለብሳ፣ ሽበቷን በውሃ አስተኝታ፣ ደረቷን ነፍታ ሄደች።

አስተማሪዋ ሚስ ጆስሊን ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ አንገቷ ላይ የማያልቅ ሻርፕ የምትጠመጥም ቀጭን ልጅ ነች። ፊቢን ከቦት ጫማዋ እስከ አናቷ አየቻትና በሐር ድምፅ፣ «ወይዘሮ ግሪንዌይ፣ የት ነው የተማሩት?» አለቻት።

«ጀልባ ላይ።»

«ማለቴ... ትምህርት ቤት?»

«ልጄ፣ ጀልባችን አንድ ቦታ ቆሞ አያውቅም። ትምህርት ቤት ደግሞ ጀልባ ተከትሎ አይመጣም።»

«ግሩም ነው!» አለች ሚስ ጆስሊን። በእኛ አገር አንድ ሰው እንዲህ ፈገግ ብሎ «ግሩም ነው» ካለሽ ነገሩ አልሆነም ማለት ነው። «እንግዲያውስ ሻዩን ቢይዙልን እንዴት ደስ ባለኝ!»

ከለንደን እስከ በርሚንግሃም ድረስ ባለው ቦይ ላይ ጀልባ የሚያልፍበትን የውሃ በር ከፍቶ የሚዘጋ፣ ያልሰደበችው ጠባቂ የሌለ ሴት፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛ ለመናገር አትበቃም ተብላ ከሻይ ማፍያው ኋላ ቆመች። ቤቷ ገብታ ለሙሪየል ነገረቻት። ነገረቻት ማለት በእሷ ወግ ነው እንጂ ማዶ ያለው ጎረቤትም ሰምቷል።

«ምንም አይደል» አለች ሙሪየል። «አንቺ ካለሽበት ሻዩም ቢሆን ዝም ብሎ ሻይ አይሆንም።»

ሙሪየል እንዲህ ነች፤ ሁሉ ነገር «ምንም አይደል» ነው። የሞተው ባሏ የውሃ በር ጠባቂ ነበር። የፊቢ ባል አልፍ ሞቶ ጀልባው በተሸጠ ጊዜ፣ ሙሪየል ከቦዩ ዳር ካለችው ቤቷ ወጥታ «ብርዱ እስኪያልፍ እኔ ጋ እረፊ» አለቻት። ያ ብርድ እስከ ዛሬ አላለፈም። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው አረጁ፤ ሙሪየል በዝግታ፣ ፊቢ በጩኸት።

የፊቢ ጩኸት ያለ ምክንያት አይደለም። ዕድሜዋን ሁሉ አልፍ ከፊት ሞተር ያለውን ጀልባ ሲነዳ፣ እሷ ከኋላ በገመድ የሚጎተተውን ስትመራ ነው የኖረችው። በመካከላቸው ረጅም ገመድና የሞተር ድምፅ ነበር። ትዳራቸው የኖረው በጩኸት ነው። አልፍ እንደሚወዳት የነገራት ቀን ድልድዩ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ሁሉ ሰምተው አጨብጭበዋል። እና ከእንዲህ ያለ ትዳር የወጣች ሴት ጠባብ ሳሎን ውስጥ ስትገባ ድምፅዋን የት ታስቀምጠው?

በዚያው ሰሞን ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር ገብቶ ነበር። ስኬግነስ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ የምትኖረው የሙሪየል እህት ባሏ ሞተባትና «ነይ አብረን እንኑር» ብላ ደወለች። መልሱን ለእሑድ ትፈልጋለች። ሙሪየል ስልኩን ዘጋችና ጨርቅ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ምን ይመስልሻል ፊቢ? ብሄድ እንኳ ቤቱ ላንቺ ይሆናል» አለቻት።

ለፊቢ ሙሪየል የሌለችበት ቤት ከፊቱ ጎታች እንደሌለው ጀልባ ነው፤ የትም አይሄድም፣ ዝም ብሎ ወደ ጎን ይንሳፈፋል። ይህን ማለት ነበረባት። ያለችው ግን፣ «እንደ ወደድሽ። እኔ ግድ የለኝም» ነው። ለምን ቢባል ኩራት ነዋ! ይህን ሁሉ ዓመት ያቺን ሴት ከነአመሏ ችዬ የኖርኩት እኔ፤ ደግሞ ልለምናት? ብላ አሰበች። ከዚህ የበለጠ እርግጠኛ የሆነችበት ነገር አልነበራትም። የፊቢ እርግጠኝነት ደግሞ እንደ ጀልባ ነው፤ አንዴ ከተነሣ ግድግዳ ካልመታ አይቆምም።

ግድግዳው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣ።

ሚስ ጆስሊን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ጮክ ብላ አነበበች፤ «ፑት አፕ ዊዝ።» ተማሪዎቹም ተከትለው አሉ። ሦስት ተራ ቃላት ናቸው፤ ለየብቻቸው አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ ያውቃቸዋል። አንድ ላይ ሲታሰሩ ግን ሦስቱንም የማይመስል ልጅ ይወልዳሉ። እኛ አገር ቃል ሲያጥረን አዲስ አንፈጥርም፤ ወዲያና ወዲህ የወደቁትን ጥቃቅኖች እንለቅምና እናስራለን። የባዕድ አገር ሰው ደግሞ እንዲህ ባለው እስር ነው ጸጉሩን የሚነጨው።

«ትርጉሙ» አለች ሚስ ጆስሊን፣ «የማንወደውን ነገር ወይም ሰው ሳናጉረመርም ችለን መኖር ነው። ለምሳሌ፦ የጎረቤቴን ጫጫታ ችዬ እኖራለሁ። አሁን እናንተ ምሳሌ ስጡኝ።»

ኤንቨር እጁን አወጣ። አገሩ አውቶቡስ ሾፌር የነበረ፣ ጺመ ሙሉ፣ ነገር ሁሉ ቁም ነገር የሆነበት ሰው ነው። ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ወደ ፊቢ ጎንበስ ብሎ፣ «የሚሲስ ፊቢን ሻይ ችዬ እጠጣለሁ። አመሰግናለሁ» አለ።

ሚስ ጆስሊን ፊቷ ቀላ። «አይ አቶ ኤንቨር፣ ይህ ቃል ለሚወዱት ነገር አይሆንም። ሻዩ መጥፎ ነው እንዳሉ ነው የሚቆጠረው።»

ኤንቨር አሰበ። ኩባያውን አየ። የፊቢ ሻይ የጀልባ ሻይ ነው፤ ቅጠሉ ከጠዋት ጀምሮ ሲንተከተክ የዋለ፣ የጣሳ ወተት የፈሰሰበት፣ ማንኪያ ቢተክሉበት የማይወድቅ።

«አዎ» አለ ኤንቨር። «ልክ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፊቢ ከሻይ ማፍያው ኋላ ወጣች። እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚያች ጠረጴዛ አልፋ አታውቅም። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መሐል ቆመች።

«ልጄ፣ በጫጫታ አታስተምሪያቸው! ይሄ የሰው ቃል ነው። ችሎ መኖር ማለት አንድ ሰው ጠዋት ማታ ደምሽን እያፈላው አንቺ ሻይ ስትቀጂለት ነው። ደግሞ ስሙኝ፣ ለሰውየው አይነገረውም! ለሌላ ሰው ነው የሚነገረው፣ እሱ በሌለበት። 'እንዴት ችለሽው ትኖሪያለሽ?' ይሉሻል፤ አንቺ ትከሻሽን ሰብቀሽ 'ምን ላድርግ' ትያለሽ። በቃ። እኔን እዩኝ፣ ከሙሪየል ጋር ነው የምኖረው።»

ሚስ ጆስሊን ጠመኔዋን አስቀመጠች። ተማሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበራቸውን ወደ ፊት ስበዋል። ደግሞም ጥሩ አስተማሪ ነች፤ ሰው ሲያዳምጥ አታቋርጥም።

ፋዲላ የምትባለው ሴት በተለይ ዓይኗ በርቷል። ፋዲላ ከምራቷ ጋር በአንድ ክፍል ነው የተጠለለችው፤ የዚህን ቃል ትርጉም ለማወቅ ሰሌዳ አላስፈለጋትም። ያጣችው ስሙን ነበር።

«ሙሪየል ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀች።

«ታደርጋለች። ምን የማታደርገው አለ! የወጥ ቤት ጨርቅ ታጥፋለች፣ እኔ ያጠፍኩትን ፈትታ እንደገና ታጥፋለች። ባሕር በዓይኗ አይታ የማታውቅ ሴት በየቀኑ ሬዲዮ ከፍታ ለመርከበኞች የሚነበበውን የአየር ጠባይ ትሰማለች። 'ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ' ሲባል 'አዬ ጉድ' ትላለች! በረዳት? መስኮቱን ዝጊው አትልም። 'አንቺን አልበረደሽም ፊቢ?' ትላለች። እኔ አልበረደኝም። ዝም ትላለች። ሌላው ደግሞ ብስኩት። ሳህን ላይ አንዲት ብስኩት ስትቀር አትነካትም። አታነሳትም፣ አትጥላትም። ቁጭ ትላለች።»

«ከዚያ ብስኩት የት ይሄዳል?» አለች ፋዲላ።

«እኔ እበላታለኋ!»

«ሁልጊዜ አንቺ?»

«እና ትበላሽ?»

ፋዲላ ወደ ኤንቨር ዞር አለች። በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ተባባሉ። ፊቢ ያን ጊዜ ነው መጠርጠር የነበረባት። ግን ሰው ሲያዳምጣት የኖረው ከሩቅ ነውና፣ የቅርብ አድማጭ አግኝታ ሰክራለች።

«ጠዋት ማን ቀድሞ ይነሣል?» አለ ኤንቨር።

«እኔ! የጀልባ ሰው ጎሕ ቀዶ አይቶት አያውቅም፣ እሱ ራሱ ነው የሚቀደው። ምድጃውን እቆሰቁሳለሁ፣ ከሰል እጨምራለሁ...»

«ከሰል በምን?»

«በባልዲ።»

«ድምፅ አለ?»

«ባልዲ ድምፅ ከሌለው ባዶ ነዋ!»

«ሙሪየል የት ነው?»

«ፎቅ ላይ። ተኝታለች።»

«ተኝታለች» አለች ፋዲላ፣ ቃሉን ቀስ ብላ እንደምታጣጥም። ቀጥላም የፊቢን እግር አየች። እነሱ አገር ቤት ሲገባ ጫማ ይወልቃል። «ይሄ ጫማ፣ ቤት ውስጥ?»

«ቦት ጫማዬን የማወልቀው ስተኛ ነው።»

«ምንጣፍ አለ?»

«አለ እንጂ። የሙሪየል እናት ምንጣፍ ነው። ነጣ ያለ ነበር።»

«ነበር» አለች ፋዲላ።

  ኤንቨር ተነሣ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ እንደ ዳኛም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሙሪየል» አለ በጣም ተጠንቅቆ፣ «ፊቢን ችላ ትኖራለች።»

«በጣም ጥሩ!» ብላ ሚስ ጆስሊን ከደስታዋ ብዛት ዘለለች። ለወራት ሲንተባተብ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ሲወጣው አስተማሪ ሌላ ነገር አይታያትም። «ሁላችሁም! በአንድ ላይ!»

ሁሉም በአንድ ላይ፣ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሕፃን የታቀፈችው፦ «ሙሪየል ፊቢን ችላ ትኖራለች!»

«አሁን ደግሞ ባለፈው!»

«ሙሪየል ፊቢን ለብዙ ዓመት ችላ ኖራለች!»

«አሁን ደግሞ ጥያቄ አድርጉት!»

«ሙሪየል ፊቢን እስከ መቼ ችላ ትኖራለች?»

መልሱን አዳራሹ ውስጥ የምታውቀው ፊቢ ብቻ ነበረች። እስከ እሑድ።

ፎጣዋን ከትከሻዋ አወረደች። «ሻዩ ሊገነፍል ነው» ብላ ተመልሳ ከማፍያው ኋላ ቆመች። ሻዩ አልገነፈለም ነበር።

ወደ ቤቷ ስትሄድ በቦዩ ዳር ባለው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ለዳክዬዎች ተሳደበች። መጀመሪያ የተናደደችው በኤንቨር ነው፣ ቀጥሎ በሚስ ጆስሊን፣ ቀጥሎ ባልዲውን በሠራው ሰው። የሚናደዱበት ሰው እያነሰ እያነሰ ሲመጣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ማን እንደሆነ ይታወቃል። እኔ እኮ፣ አለች በሆዷ፣ ያቺን ሴት የቻልኳት እኔ ነኝ እያልኩ በየዳቦ ቤቱ ያወራሁ ሰው ነኝ! ሰዎቹም «እንዴት ችለሻት?» ሳይሉኝ የቀሩት ለካ ሌላ እያሰቡ ነው። ይህን ስታወራ የዳቦ ቤቱ ሴትዮ ሁልጊዜ ሳል የሚይዛት ለምን እንደሆነ አሁን ገባት።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ገብቶ «ሙሪየል፣ ይቅርታ፣ አትሂጂ» ይል ነበር። ፊቢ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አገኘሁ አለች፤ አመሏን ለውጣ፣ ምንም ሳትናገር፣ ሙሪየል ራሷ አይታ እንድትቀር። የጀልባ ሰው ቀጥ ያለ ቦይ እያለለት በዙሪያ አይሄድም። ፊቢ ግን በዚያ ሳምንት በዙሪያው ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ቦት ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ካልሲዋ ከፊትም ከኋላም ተቀዶ ስለነበር ምንጣፉ ከጫማው የሚሻል ነገር አላገኘም። ከሰሉን በባልዲ መቅዳት ትታ አንድ አንዱን በጋዜጣ እየጠቀለለች፣ እንደ እንቁላል በእጇ እያቀፈች ምድጃው ውስጥ አስቀመጠች። ሸሚዟ ምን እንደሆነ አይጠየቅ። መስኮቱን ዘጋች፤ ላቧ በጀርባዋ እየወረደ ዝም አለች። ለመርከበኞች የሚነበበው ሲጀመርም ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጇን አጣምራ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ሰማች። ነፋሱ ሲጠቀስ እንኳ «አዬ ጉድ» አለች።

ሙሪየል ቀና ብላ አየቻት። «ጉሮሮሽን አሞሻል እንዴ?»

«የለም» አለች ፊቢ በሹክሹክታ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ ሙሪየል።»

ሙሪየል የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰች። በዚያ ቤት ውስጥ ፊቢ «አመሰግናለሁ» ብላ አታውቅም።

ሐሙስ ሳህኑ ላይ አንዲት ብስኩት ቀረች። ፊቢ አልነካቻትም። ሙሪየልም አልነካቻትም። ዓርብ ብስኩቷ እዚያው ናት። ቅዳሜ ለስልሳ መሐሏ ጎበጠ፤ ሁለቱ አሮጊቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው እንደ አስከሬን ጠበቋት። «ለምን አትበያትም?» አለች ሙሪየል። «አይ፣ ላንቺ ይሁን» አለች ፊቢ። «አይ፣ ግድ የለም።» «እኔም ግድ የለኝም።» ፊቢ በራሷ እጅግ ኮራች። በሕይወቷ እንዲህ ጨዋ ሆና አታውቅም። የሙሪየል ፊት ከወዲያኛው ወንበር ላይ ቀስ በቀስ እየጠወለገ መሄዱን ግን አላየችም።

ፊቢ የረሳችው ነገር አለ፤ የእኛ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው። እኛ ዘንድ ሰው ሲቀየምሽ አይጮህብሽም። ከጮኸብሽ ቤተሰብ ነሽ ማለት ነው። የተቀየመሽ ሰው ጨዋ ይሆናል። ድምፁ ይቀንሳል፣ «አመሰግናለሁ» ይበዛል፣ በር በቀስታ ይዘጋል። አንድ ሳምንት በሙሉ በር በቀስታ የተዘጋበት ሰው ያለው ምርጫ ሻንጣውን ማውረድ ነው።

እሑድ ቀትር ላይ ፊቢ ከጓሮ ከሰሏን አቅፋ ስትገባ ኮሪደሩ ላይ ሻንጣ ቆሟል። ሙሪየል ኮቷን ለብሳ፣ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«የእህቴ ልጅ ከምሳ በኋላ በመኪና ይመጣል» አለች። «ዛሬ ጠዋት ለእህቴ እሺ አልኳት። ልነግርሽ ነበር፤ የተውኩት አንቺን እንዳላስጨንቅ ብዬ ነው።»

ፊቢ ከሰሉን እንዳቀፈች ቆመች። «እሺ አልሻት» አለች፣ አሁንም በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታው ተጣብቆባት ነበር።

«ገብቶኛል እኮ ፊቢ። ችለሽኝ ኖረሻል፣ ብዙ ጊዜ ነው። በዚህ ሳምንት ግን ሞልቶብሽ እንደነበር አየሁ። ጫማሽን ታወልቂያለሽ፣ በእግር ጣትሽ ትሄጃለሽ፣ እንግዳ ነው የሆንሽብኝ። ሬዲዮዬን እንኳ እንደ ቅጣት ነው የሰማሽው። ምንም አይደል። በሰላም እንለያይ ብዬ ነው።»

ፊቢ ለጨዋ ሰው የሚሆን ቃል ፈለገች፣ አጣች። ከሰሉ ከእቅፏ ተንሸራተተና በደረጃው ሥር እስከ ሳሎን ድረስ፣ በሙሪየል እናት ምንጣፍ ላይ ተበተነ።

«ምን አልሽ!»

ይህ የውሃ በር ላይ ድምፅ ነበር። የሳሎኑ መስኮት ተንቀጠቀጠ፤ ቦዩ ላይ የነበሩት ዳክዬዎች ተነሥተው በረሩ። «እኔ ቻልኩሽ? እኔ! ሙሪየል፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቦስኒያዎቹ በሙሉ ቆመው እየዘመሩ ነው የነገሩኝ፤ ሙሪየል ፊቢን ችላ ትኖራለች ብለው! ባለፈውም፣ በጥያቄም! ኤንቨር ኮቱን ቆልፎ! ባልዲዬን ሰምተሽ፣ ምንጣፍሽን አጥተሽ፣ ብስኩትሽን በልቼብሽ፤ እኔ ደግሞ በየዳቦ ቤቱ የተሸከምኩሽ እኔ ነኝ ብዬ! ጫማዬን ያወለቅኩት ላስወጣሽ ነው? እንድትቀሪ ብዬ ነው እንጂ! በጣቴ የሄድኩት አንቺን ላላስቀይም ነው፤ እግሬ እስኪቆስል! ላቤን ጠጥቼ መስኮት የዘጋሁት ላንቺ ነው፣ አንቺ...»

 ሙሪየል ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች ቦርሳዋን አጥብቃ ይዛለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ፊቢ ታለቅሳለች ብላ ደነገጠች፤ ቀና ስትል ግን እየሳቀች ነው፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

«ተመለሽ» አለች ሙሪየል። «ከረቡዕ ጀምሮ የት ሄደሽ ነው?»

«አትሳቂ! ጠይቄሻለሁ፤ ንገሪኝ። ችለሽኛል ወይስ አልቻልሽኝም?»

«ምንም አይደል ፊቢ...»

«'ምንም አይደል' አትበዪኝ! ይሄን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቤት አውጥቼ ቦይ ውስጥ ነው የምጥለው። አንድ ነገር ንገሪኝ፤ አንድ፣ የምር ያቃጠለሽን። በፊቴ። ባልዲው ነው?»

«ባልዲውን ለምጄዋለሁ። ሳልሰማው ከተነሣሁ ሞተሻል ብዬ ነው የምደነግጠው።»

«ጫማው?»

«ምንጣፉን እኔም አልወደውም። እናቴ ናት ትወደው የነበረችው።»

«እና ምንድን ነው?»

 እንደ ሙሪየል ያለች ሴት ቅሬታዋን ስታወጣ ማየት ጥርስ ሲነቀል እንደማየት ነው። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች። የኮቷን ቁልፍ ነካካች። ሲወጣ ግን ድምፅዋ ፊቢ ሰምታው የማታውቀው፣ ቀጥ ያለ፣ ትንሽም የሻከረ ነበር።

«ስጠይቅሽ 'እኔ ግድ የለኝም' አልሽኝ። 'እንደ ወደድሽ' አልሽኝ፤ ምድጃውን እያየሽ። ሌላውን ሁሉ ችዬዋለሁ። ይሄን ግን አልቻልኩትም። አንዲት ቀን እንኳ አትሂጂ አላልሽኝም።»

ፊቢ ቆመች። የተበተነው ከሰል መሐል፣ በተቀደደው ካልሲዋ፣ ጥቁር እጇን ወዲያ ወዲህ እያደረገች። ያችን ቃል ለአልፍ እንኳ ብላው አታውቅም፤ አልፍ ሲሄድ ሁልጊዜ እሷም በገመድ ታስራ አብራ ትሄድ ነበር። መለመን አታውቅበትም። ማዘዝ ግን ታውቅበታለች። ስለዚህ ደረቷን ነፋች፣ ወገቧን ያዘች፣ እናም ዝቅ ባለ ድምፅ ልትጀምር ብትሞክርም እንደ ልማዷ አዳራሽ በሚሞላ ድምፅ ጀመረች፦

«እንግዲያው አትሂጂ! ሰማሽኝ ሙሪየል? አትሂጂ! ያን ኮት አውልቂ፣ ስልኩን አንሺ፣ ለእህትሽ አልመጣም በያት። ከእኛ ጋ መኖር ከፈለገች እሷ ትምጣ፣ አልጋ አለ። አሁኑኑ፣ እኔ እዚህ ቆሜ እየሰማሁ። ደግሞ ስትነግሪያት 'ይቅርታ' የምትል ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ!»